ስድስቱ ጥቁር ስክሪኖች

መሕቡባ ሸምሶ ቡታጅራ ውስጥ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች። በ1998 ዓ.ም. ወልቂጤ ሄዳ የሁለት ሳምንት የኮምፒውተር ሥልጠና በመውሰዷ ብቻ የኮምፒውተር ትምህርቱም ተደረበባት። ቤት ስትገባ ደክሟት ጫማዋን ሳታወልቅ የምትቀመጥበት ቀን በዛ።

በእርዳታ የመጡት አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች ያረጁ ናቸው። የሚያሠራቸው ሊኑክስ የሚባል ፕሮግራም ነው። ሜሞሪያቸው ትንሽ ስለሆነ ተነስተው እስኪያበቁ ከአርባ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሩቡ ያልቃል፤ ጽሑፍ መጻፊያው ሲከፈት ደግሞ ይደርቃሉ። ተማሪዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው አፍጥጠው ይጠብቃሉ።

አንድ ጠዋት ዳይሬክተሩ አቶ ሀብተወልድ አስጠሯት።

«መሕቡባ፣ ዘጠነኛ ክፍሎች መቀመጫ አጥተዋል። ኮምፒውተሮቹ ስቶር ይግቡና ክፍሉን ለነሱ ልስጥ።»

«አንድ ሳምንት ይታገሱኝ» አለች። ለምን እንዲህ እንዳለች በኋላ እሷንም ገረማት። ቢወሰዱ ሸክሟ ይቀልላት ነበር።

ቅዳሜ ወልቂጤ ሄደች። አሠልጣኟ የነበረው አብዱልሃፊዝ ችግሯን ሰምቶ እንዲህ አላት፦

«ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከምታዪው ስክሪን ኋላ ሌላ ስድስት ጥቁር ስክሪን ይከፍታል። ስምና የይለፍ ቃል እየጠየቁ ይጠብቃሉ። የሚገባባቸው ሰው አለ?»

«መኖራቸውንም አላውቅም።»

«ሁሉም ከሜሞሪው ይበላሉ። ስድስቱ የተጻፉበት ፋይል አለ፤ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር። ከመስመሩ ፊት ይህችን # ምልክት ስታደርጊ ኮምፒውተሩ ያልፈዋል፤ ስክሪኑም አይከፈትም። ከስድስቱ ሁለቱን ግን እንዳትነኪ። ዋናው ስክሪን እምቢ ካለሽ የምትገቢው በነሱ ነው።» ቀጥሎም፦ «ተአምር አትጠብቂ።»

ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ሲያልቅ እየቀረች አንድ በአንድ ታስተካክል ጀመር። መብራት ይሄዳል፣ ትጠብቃለች፤ ይመጣል፣ እንደገና ትጀምራለች። አምስተኛው ላይ ዓይኗ ደክሞ ስድስቱም መስመር ፊት ምልክቱን አደረገች። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዋናው ስክሪን እምቢ አለ። እንዳትነካ የተባለችውን ሁለቱንም ስለዘጋች የምታውቀው ሌላ መግቢያ አልነበረም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በጨርቅ ሸፍናው ወደ ስድስተኛው ዞረች።

ዓርብ አቶ ሀብተወልድ መጥተው አንዱ ኮምፒውተር ሲነሳ ሰዓታቸውን እያዩ ቆሙ።

«ፈጠን ብሏል» አሉ። «ሲጻፍበትስ አይደርቅም?»

«አልፎ አልፎ። እንደ በፊቱ አይደለም።»

«ያ የተሸፈነው ምን ሆኖ ነው?»

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ቀና ብለው አዩዋት። የሚቆጡ መስሏት ነበር።

«ኮምፒውተሮቹ እስከ ሰኔ እዚሁ ይቆዩ» ብለው ወጡ።

በዚያ ዓመት ተማሪዎቹ በአሥራ አንዱ ኮምፒውተር የመጀመሪያ ማመልከቻቸውን ጻፉ። ክረምት ሲገባ መሕቡባ ወደ ጂኦግራፊ ብቻ እንድትመለስ በደብዳቤ ጠየቀች። አቶ ሀብተወልድ ደብዳቤውን አንብበው «ሌላ የሚችል ሰው የለኝም» አሏት። እሷም ደብዳቤዋን መልሳ ወሰደች።