የሚሄድ ባቡር

ዛሬ ጠዋት መሪ ጣቢያ ባቡር ስሳፈር አጠገቤ የቆመችው ሴት ነጠላዋ እርጥብ ነበር። ጸበል ተጠምቃ መምጣቷ ነው። ልብሷ የባሕር ዛፍ ጭስና የቀዝቃዛ ውኃ ሽታ ነበረው። ሰው ተጋፍቶ፣ መስኮቱ በትንፋሽ ደፍርሶ፣ ያ ሽታ ብቻ መጥቶ አፍንጫዬ ላይ ቁጭ አለ። መውረጃዬን አለፍኩት ብልሽ ታምኚኛለሽ? እኔ! ሰው ሲረሳ የምቆጣዋ ሴትዮ! አልፌ ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ፣ ሥራም አርፍጄ ገባሁ፤ ይኸው እስካሁን እጄ አንድ ነገር አልያዘም። ልንገርሽና ይውጣልኝ።

እኔ ያደግሁት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ነው። ቤታችን ትርፍ ክፍል ስለነበረው እናቴ ለጸበልተኛ ታከራይ ነበር። የስንቱን አገር ሰው እዚያ አይቻለሁ መሰለሽ! ይመጣሉ፣ ሱባኤያቸውን ይጨርሳሉ፣ ጀሪካናቸውን ሞልተው ይሄዳሉ። እናቴ "ከጸበልተኛ ጋር ብዙ አትላመጂ፤ መሄዳቸው ላይቀር ኋላ የምታለቅሺው አንቺ ነሽ" ትለኝ ነበር። መች ሰማኋት።

የድሬዋ ልጅ የመጣችው የከተማው ባቡር ሥራ በጀመረ ሰሞን ነው። እኩያዬ ነበረች፤ አሥራ ሦስት ግድም። ልቧን ታማ፣ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ተራ እየጠበቀች፣ እስከዚያው እናቷ ለጸበል ይዛት መጣች። ቀጭን፣ ከንፈሯ ጠቆር ያለ፣ ጥቂት ከተራመደች ድንጋይ ፈልጋ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። አፏ ግን! አፏንማ ምን ነክቶት! ለትልቁም ለትንሹም አንተ፣ አንቺ ነው፤ "አቦ" ሳትል ነገር አትጀምርም። እናቴን ገና የመጣች ዕለት "አንቺ፣ ቤትሽ ያምራል" አለቻት። እናቴ የያዘችውን ባልዲ መሬት አስቀመጠች። እናቷም ያው ናት፤ እኔ እርስዎ ስላት "አንቱታሽን ለቄሱ አቆዪው፣ እኔን አንቺ በይኝ" አለችኝ። የድሬ ሰው እንዲህ ነው አሉ። ብዙም ሳይቆይ እኔም ጎረቤቱን ሁሉ "አቦ አንተ" ማለት ጀመርኩ፤ እናቴ ጆሮዬን ይዛ "ካህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች" አለችኝ፤ እንግዶቹ እንዳይሰሙ በሹክሹክታ።

ያቺን ልጅ ከሕመሟ ይልቅ የሚያንገበግባት ባቡር ነበር። አባቷ ድሬ ላይ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ቤታቸው ከሐዲዱ ዳር ስለሆነ፣ ሥራ በማይገባበት ቀን ትከሻው ላይ አውጥቶ ባቡር ሲገባና ሲወጣ ያሳያታል። ኋላ ባቡሩ ቆመ። አባቷም ብዙ አልቆየም፣ ሞተ። ሐዲዱ ላይ ሣር በቀለ፣ ፍየል ዋለበት፣ ፉርጎው ባለበት ዛገ። "የቆመ ባቡርማ ሰፈራችን ሞልቷል" ትለኝ ነበር፤ "እኔ ማየት የምፈልገው የሚሄድ ነው።"

"እሺ ሄደን እንሳፈራለና" አልኳት አንድ ቀን። ሳቀችብኝ። "አቦ አንቺ ደግሞ! የተሳፈረ ሰው መች ባቡር ያያል? የሰው ብብት ነው የሚያየው። ባቡር የሚታየው ከውጭ ነው።" ዛሬ ጠዋት ተጋፍቼ ስቆም እውነቷን እንደነበር አወቅኩ።

ከቤታችን ጀርባ ከተማውን ቁልቁል የሚያሳይ ቋጥኝ ነበር። ከጸበል መልስ ጸጉራችን ሳይደርቅ እዚያ ፀሐይ እንሞቃለን። ከሥራችን ባሕር ዛፉ ይንሿሿል፣ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባ በጉም ውስጥ ተኝታለች። እሷ ጣቷን ቀስራ "ያውልሽ፣ ያ የሚንቀሳቀሰው ባቡር ነው" ትላለች፤ እኔ "አውቶቡስ ነው" እላለሁ፤ እንጣላለን። ማናችንም አናውቅ። እሷ ባቡር ታውቃለች፣ አዲስ አበባን አታውቅም። እኔ ቢያንስ እስከ መገናኛ አዲስ አበባን አውቃለሁ፣ ባቡር የሚባል በዓይኔ አላየሁም።

አንድ ከታች የመጣ ጸበልተኛ ነው ነገሩን የለኮሰው። ከአያት የሚመጣው አረንጓዴና ከቃሊቲ የሚመጣው ሰማያዊ፣ ስታዲየም ሲደርሱ ድልድይ ላይ በአንድ ሐዲድ እንደሚያልፉ ነገረን። እሷ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድላት አለ። "ሁለቱም በአንድ ቦታ!" ትላለች፣ "አቦ፣ ሁለቱም!" መሄድ አለብን ተባለ። ከአራት ኪሎ ስታዲየም በታክሲ ቅርብ ነው ስላት "ባቡር ለማየት በታክሲ? ነውር ነው" አለችኝ። እንግዲህ መገናኛ ሄደን በባቡር ልንገባ ተስማማን። በየቀኑ ታስጠናኝ ነበር።

"ከፈረንሳይ ለጋሲዮን?"

"አራት ኪሎ።"

"ከአራት ኪሎ?"

"መገናኛ።"

"ከመገናኛ?"

"ባቡር።"

"የት ነው የምንወርደው?"

"ስታዲየም። ከዚያ ከሥር ቁጭ ብለን እናያለን።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪበቃሽ።"

"አይበቃኝም እኮ!" ትልና ትስቃለች፤ ስትስቅ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ዝም ብለን እስኪመለስላት እንጠብቃለን።

ችግሩ ዳገቱ ነበር። መውረዱን ቀስ እያለች ትወርዳለች፤ ከፈረንሳይ ወደ ላይ መመለሱ ግን ለጤነኛም ጉልበት ይጠይቃል። አሁን ለሽርሽር የሚመጡ መኪኖች ሽር ይሉበታል፤ ያኔ ድንጋይና ጭቃ ነበር። መላውን ያገኘችው እሷው ናት። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን በአህያ እንጨት ጭነው ወርደው፣ ሽጠው፣ ከሰዓት ባዶ አህያ እየነዱ ይመለሳሉ። መንገድ ላይ ጠብቃ ያዘቻቸው።

"አንተ አባባ፣ አህያህ ስትወጣ ባዶዋን አይደል?"

ሽማግሌው ዞር ብለው ማን እንደተጠራ አዩ። ከራሳቸው በቀር ሰው የለም። እኔ መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ።

"ባዶዋን ነው፤ ምነው ልጄ?"

"እኔን ታወጣኛለህ?"

"አህያ ላይ? ሴት ልጅ? ሆሳዕና መሰለሽ እንዴ!"

"አቦ ምን አለበት፣ ጌታም እኮ ተቀምጦባታል።"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ሳቁ፤ እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። "በይ እሺ፣ ጌታ ያልናቃትን አንቺም ካልናቅሻት" ብለው ሄዱ።

ምስጢራችን የወጣው በሳቸው ጨዋነት ነው። በነጋታው ቤት ድረስ መጡና ለእናቷ እጅ ነስተው፣ "እመቤቴ፣ የልጅቱ ጉዞ ቁርጥ ቀኑ ቢነገረኝ ብዬ ነው፤ አህያዋን እንዳላደክማት" አሉ። እናቴ "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃ" አለች። እኔ ከበሩ ኋላ ተሸሸግሁ። እናቷ መጀመሪያ ሳቀች፣ ሳቋ ሳያልቅ ደግሞ እንባዋ መጣ። ልጇን ሳብ አድርጋ፣ "ሱባኤ ገብተን ከደብሩ አንርቅም። ይኼ ይለቅና እኔው ራሴ ሁለታችሁንም እወስዳችኋለሁ። ድነሽ ታዪዋለሽ" አለቻት።

ቃሏ ነው፤ አመንናት። ደግሞ ከልቧ ነበር።

ሱባኤው ሲያልቅ ልጅቷ ሻል ብሏት ነበር። ሌሊት ሳትነቃ ታድራለች፣ ገንፎ ትቀምሳለች። እኔ የክት ጫማዬን ወልውዬ ጠበቅኩ። እናቷ ግን ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ፊቷ በርቶ፣ "ምልክት አይቼባታለሁ፤ እመቤቴ ጀምራልኛለች። ሳይጨርሱ ማቋረጥ ጥሩ አይደለም፣ ሌላ ልጨምር" አለች። ልጅቷ "ጨምሪ አቦ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሁለተኛው አለቀ፣ ሦስተኛው ገባ። ዝናብ መጣ። ቋጥኙ ላይ መቀመጥ ቀረ፤ ከተማዋም በደመና ተሸፈነች፣ አውቶቡስም ባቡርም የለ። እኔ በእናቷ ተናደድኩ። "ለምን ዝም ትያታለሽ? ለምን አትለምኛትም?" አልኳት ልጅቷን። ጋቢዋን ተከናነበች።

"ፈርታ ነው። እኔ ሲሻለኝ እሷ የምትይዘው ይጠፋታል። ባቡሩ እንደሆነ የትም አይሄድ" አለችና የተናገረችውን ሰምታ ሳቋ አመለጣት፤ "ማለቴ ይሄዳል፣ ግን ይመለሳል።"

ከሆስፒታል ስልክ የተደወለው በሦስተኛው መካከል ነው። አልጋ ተገኝቷል፣ ነገ ጠዋት ይዘሻት ነይ ተባለች። ገና ጎህ ሳይቀድ የኮንትራት መኪና ደጃችን ቆመ። ጋቢ አልብሰው ከኋላ አስቀመጧት። በመስኮቱ በኩል እጇን አወጣች፤ ያዝኩት፤ ቀዝቃዛ ነበር። "ስመለስ እንሄዳለን፣ መንገዱ እንዳይጠፋሽ" አለችኝ። መኪናው ሲወርድ የኋላ መብራቱ በባሕር ዛፉ መካከል ቀይ ሆኖ ብቅ ጥልቅ ሲል አየሁት፤ ከዚያ ጠፋ።

ቀዶ ጥገናው አልደረሰላትም። ትኩሳት ያዛትና ተራዋ በተጻፈበት ሳምንት ሞተች። ስልኩን ያነሳችው እናቴ ነበረች። እኔ ምንም አልጠየቅኋትም፤ ስልኩን ስታስቀምጥ ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ መቀነቷ ላይ ስታዞር አይቼ አወቅኩ። አለቀስኩ ብል ማልቀስ አይገልጸውም። አስከሬኗን ድሬ ወስደው ከአባቷ አጠገብ ቀበሯት፤ እኔ ቀብሯን እንኳ አላየሁም።

አርባዋ ካለፈ በኋላ እናቷ መጣች። የተዉትን ፍራሽና ጀሪካን ልትወስድ ነው ያልነው። ጥቁር ለብሳ፣ ግማሽ ሆና። ከእናቴ ጋር ተቃቅፈው አለቀሱ፤ አደረች። ጠዋት እቃዋን ትሰበስባለች ስንል ክፍሌ በር ላይ ቆመች።

"ተነሽ፣ ውሰጂኝ" አለችኝ።

"የት?"

"እሷን ልትወስጂ ያሰብሽበት።"

የክት ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።

ልጇ ባስጠናችኝ መንገድ መራኋት። ፈረንሳይ፣ አራት ኪሎ፣ መገናኛ። መገናኛ ሐዲዱን ስታይ ነው የቆመችው።

"የዚያን ለት በዚህ በኩል አለፍን" አለችኝ። "ሹፌሩን በመገናኛ ሂድልኝ ብላ ለመነችው። አልነጋም ነበር፤ ባቡር ገና አልወጣም። ሐዲዱን ብቻ አየችው። 'ይኸው እንደኛው ሰፈር' አለችኝ።"

ባቡሩ መጣና ተጋፍተን ገባን። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ ግን ምኑንም አላስታውስም፤ እጄን አጥብቃ መያዟን ብቻ። ስታዲየም ወረድን። ከሥር ሆነን ልናይ ስለሆነ ያቀድነው፣ ደረጃውን መውረድ ጀመርን። ረጅም ደረጃ ነው። መሐል ላይ እናቷ ቆመችና ወደ ኋላዋ፣ ወደ ላይ አየች።

"ይኼን መልሳ እንዴት ልትወጣው ነበር?" አለችኝ።

ያን ሁሉ ቀን ስለ ዳገቱ ስንጨነቅ፣ አህያ ስንለምን፣ ከተማ ውስጥ ደረጃ ይኖራል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን የለም። እንጦጦ ያደገ ሰው ዳገት ያለው እንጦጦ ብቻ ይመስለዋል።

"አዝላት ነበር" አልኳት። እውነቴን ነው፤ ጸበል ቤት ድረስ ስንቴ አዝያታለሁ።

እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። "አንቺ ታዝያት ነበር" አለች። "እኔ ደግሞ አንድ ቀን ብለቃት ምን ነበረበት? አንድ ቀን! ድና ታየዋለች አልኩ። ሻል ባላት ቁጥር ሳስቼ አስቀረኋት።"

"ለሷ ብለሽ ነው እኮ" አልኳት። ሌላ ምን ይባላል፤ አሁንም ቢሆን ሌላ የምለው የለኝም።

ከላያችን ሐዲዱ ማጉረምረም ጀመረ፤ ደረጃው ከመቀመጫችን ሥር ሲነዝር ይሰማል። "መጣ፣ ተነሽ እዪው" አልኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው።

"አላይም። እሷ ያላየችውን እኔ በየትኛው ዓይኔ? አንቺ እዪና ንገሪኝ።"

ተነሥቼ ቆምኩ። "አረንጓዴው ነው" አልኳት።

"ሰው አለበት?"

"ሞልቷል። በሩ ላይ ሁሉ ቆመዋል። አንዲት ሕፃን አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋለች።"

"ይሄዳል?"

"ቆሟል፤ ሰው እየወረደ ነው። ቆይ... ይኸው ተነሣ። ሄደ።"

"ሄደ?" አለች ከነጠላው ሥር።

"ሄደ።"

ሰዉ በጎናችን እየተጠበበ ይወጣል፣ ይወርዳል። አንድ ጎረምሳ ጎንበስ ብሎ "እናቴ፣ አይዞሽ" ብሏት አለፈ። እሷ ፊቷን አልገለጠችም። አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣

"ሰማያዊው ሲመጣ ደግሞ ንገሪኝ" አለችኝ።

እሺ አልኳትና ሐዲዱን እያየሁ ቆምኩ።