የጫማው እንግዳ

እዚህ ፊዮርድላንድ ደን ውስጥ ጭቃ የነካው ጫማ ጎጆ አይገባም፤ መንገደኛ ሁሉ በረንዳው ላይ ያወልቃል። እኔ የዚህ የመንገደኞች ማደሪያ ጎጆ ጠባቂ ነኝ። አንድ ምሽት አንዲት እናት ግን ብቻቸውን መጥተው ሁለት ጥንድ አስቀመጡ፤ አንዱን ከእግራቸው አውልቀው፣ ሌላውን፣ ሰፊ የወንድ ጫማ፣ ከሻንጣቸው አውጥተው። «የባለቤቴ ነበር፤ በየዓመቱ ይዤው እመጣለሁ» አሉኝ።

ጠዋት ሊሄዱ ሲሉ፣ የዛፍ ሽበት የመሰለች ትንሽ የእሳት እራት ዝናቡን ሸሽታ የወንዱ ጫማ ውስጥ ተሸጉጣ አገኘናት።

«ላራግፍልዎት? የሚመልስዎት ጀልባ ያመልጥዎታል» አልኳቸው።

«ተው ልጄ! እሱ እንግዳ አባሮ አያውቅም።»

በካልሲያቸው እርጥቡ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። ጀልባው ጥሩንባውን ነፍቶ ሄደ። ዝናቡ ሲያባራ ትንሿ ብር አለች።

«ተመስገን! ዘንድሮም እንግዳ አላጣህም» አሉ፣ ጫማውን እየደባበሱ።