ቀለም ያልተቀባው ፖርቶመጋላ

በእኛ መንገድ ላይ ያለውን በያጅ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። «እስቲ ልየው» ነው የሚባለው። ስሙን ያወጣንለት እኛ ጎረቤቶቹ ብንሆንም ጥፋቱ የራሱ ነው። ዳቦ ሲገዛ ከሥር ገልብጦ «እስቲ ልየው» ይላል። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ቁጥሩን ሲነግረው ወንበር ላይ ወጥቶ «እስቲ ልየው» ይላል። እኔ ጎማ እጠግናለሁ። አንድ ቀን የእሱን ጎማ ለጥፌ፣ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ አረፋ አለመውጣቱን ካሳየሁት በኋላ «እስቲ እኔ ደግሞ ልንከረው» አለኝ። ሽማግሌ ባልሆን ኖሮ እሱንም አብሬ እነክረው ነበር።

የእኔን ጎማ ቤትና የእሱን ብየዳ ቤት የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው። እኔ የእሱን ሳል እሰማለሁ፤ እሱም የእኔን ጉርምርምታ ይሰማል። ስለዚህ የዚህን ሰው ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብል አላጋነንኩም።

ተጠራጣሪ ሆኖ አልተወለደም። በወጣትነቱ ከታላቅ ወንድሙ ጋር የሕንጻ ሥራ ላይ ነበር። አንድ ቀን ወንድሙ የብረት መሰላል ላይ ወጣ። መሰላሉ በጥሩ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ አዲስ ይመስላል፤ ብየዳው ግን ብረቱን ሳይነክስ ላዩ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ነበር። ከመገጣጠሚያው ተለያየ። ወንድምየው ከዚያ ወዲህ በእግሩ ቆሞ አያውቅም። እስቲ ልየው በያጅ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀለም የጠላውም ከዚያ በኋላ ነው። «ቀለም ውሸታም ነው» ይላል። እሱ ጋ የተሠራ በር ሁሉ መጀመሪያ ራቁቱን ለባለቤቱ ይታያል። ባለቤቱ አይቶ፣ ዳስሶ፣ ሲያሻው በመዶሻ መትቶ ሲያበቃ ነው እስቲ ልየው «በሉ ቀቡት» የሚለው። ይህን ቃል ከአፉ ሳያወጣ ብሩሽ የሚያነሳ ሰው ወዮለት።

አንዲት ልጅ አለችው። ከፊት ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ደንበኛ ታስተናግዳለች፣ ትለካለች፣ ብረትም ትቆርጣለች። ከአባቷ የሚለያት አንድ የጠቆረ መስታወት ነው። የብየዳውን ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱን ግን አትነካም። «ዓይን የሚበላ ሥራ ነው፣ አይሆንም» ብሎ ገና በልጅነቷ ዘግቶታል። የእሱ ዓይን እየተበላ መሆኑን ለማንም አልተናገረም። እኔ ግን ጠርጥሬ ነበር። ድሮ ብየዳ ቆሞ ያይ የነበረ ሰው፣ በቅርቡ ጎንበስ እያለ በአውራ ጣቱ ይዳስስ ጀምሯል።

ይህችን ልጅ ፍራሽና ወንበር ለሱቆች የሚያመላልስ የቫን ሾፌር ወደዳት። ረጅም፣ ጭንቅላተ ትልቅ፣ ትሑት ሰው ነው። አክስቱን ይዞ ሊጠይቅ መጣ። እስቲ ልየው ሾፌሩን ከጫማው እስከ ፀጉሩ ቃኘው።

«ምን ትሠራለህ?»

«ዕቃ እጭናለሁ፣ ጋሼ። ቫን አለኝ።»

«አይቼዋለሁ። ጣሪያው ባዶ ነው።»

አክስትየው ነገሩ አልገባትም። «ጣሪያው ባዶ ቢሆን ምን አለበት? ውስጡ እኮ ሳሎን ያክላል!» አለች።

«ፖርቶመጋላ ይሥራለት» አለ እስቲ ልየው። ከመኪና ጣሪያ በላይ ዕቃ የሚጫንበትን ብረት ማለቱ ነው። «በገዛ እጁ ይሥራው። እዚሁ፣ በእኔ መሣሪያ፣ በእረፍት ቀን። የሰው እጅ እንዳይገባበት። ቀለምም እንዳይነካው። በሰው አናት ላይ የሚሄድ ብረት ነው፤ ቢለያይ ከኋላ የሚመጣውን ይገድላል። ይህን አስቦ የሚሠራ ከሆነ ልጄን አይጥላትም። የማያስብ ከሆነ ደግሞ ከወዲሁ ልወቀው።»

በእረፍት ቀን እሱ ወንድሙ ዘንድ ይውላል። ስለዚህ ልጅቷ ቁልፉን ይዛ እንድትከፍት፣ እናቷ ደግሞ በሩ ላይ ተቀምጣ እንድትጠብቅ አዘዘ። ከዚህ ዓለም የማይጠረጥረው ሚስቱን ብቻ ነበር።

ሾፌሩ ቱቦላሬውን፣ ውስጡ ክፍት የሆነውን ብረት፣ ገዝቶ መጣና ሥራ ጀመረ። ከመጀመሪያው የእረፍት ቀን በኋላ እስቲ ልየው በማለዳ ጠራኝ። ፍሬሙ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ማዕዘኑ በስኳድራ ቢለኩት ፀጉር አያስገባም። ብየዳው ግን ይዘገንናል፤ እዚህ እብጠት፣ እዚያ ቀዳዳ።

«የዶሮ ኩስ ነው» አልኩት።

«ነው» አለኝ፤ ፊቱ ግን በርቷል። «ኩስ ነው፤ ግን የራሱ ኩስ ነው። ቀስ ብሎ ይማራል።»

በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ቆርቆሮውን ሊገነጥለው እስኪደርስ መታው። ሮጬ ሄድኩ። ያ ሁሉ የዶሮ ኩስ በግራይንደር ተነቅሎ ወድቋል። በቦታው የዓሣ ቅርፊት የመሰለ፣ ተራ በተራ የተደረበ ብየዳ ተኝቷል።

«ዳስሰው» አለኝ። «መጨረሻው ላይ ምን ይሰማሃል?»

ዳሰስኩት። ብየዳው ከማለቁ በፊት ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሶ ነው የቆመው።

«ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መጨረሻው ላይ ጉድጓድ እንዳይቀርና እንዳይሰነጠቅ ነው። ከእኔ ሌላ እዚህ አካባቢ የሚያውቀው ግራኙ ብቻ ነው። ገባህ?»

ግራኙ ከመንገዱ ማዶ ያለ በያጅ ነው። ድሮ አብረው ሠርተው፣ ተጣልተው፣ በመንገድ የተለያዩ ናቸው። እስቲ ልየው በስንት ዘመኑ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። ግራኙንም እጁን ይዞ እየጎተተ አመጣው።

ግራኙ ብረቱን አየና ሳቀ። «ጤና የለህም እንዴ? ይሄ ከግራ ወደ ቀኝ የሄደ ነው። እኔ እንዲህ ብሠራ ክንዴ ይጠማዘዛል። የአንተ ሥራ ነው ይሄ።»

«እኔ አልነካሁትም!»

«ተኝተህ እየሄድክ በይደኸው ይሆናል» አልኩ እኔ።

አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የሚባል ነገር ጠፋ። የኤሌክትሮዱን ፓኬት በኖራ ምልክት አደረገበት፤ ከእረፍት ቀን በኋላ ሲያየው ጎድሏል። የብየዳ ማስኩን ሊያጠልቅ ሲል ማሰሪያው ግንባሩን ጨመቀው።

«ጭንቅላቴ አደገ እንዴ? ሰውየው ማሰሪያዬን አጥብቦታል!»

«የሾፌሩ ጭንቅላት እኮ ከአንተ ይበልጣል» አልኩት።

«ለዚህ ነዋ! እንዳይጠረጠር ሆን ብሎ ነው ያጠበበው።»

እንዲህ ያለውን ሰው በምን ትመልሰዋለህ? ጥርጣሬ ደግሞ እንደ ጉንፋን ነው የሚጋባው። እኔም ሳላስበው የሾፌሩን ጎማ መመርመር ጀመርኩ። የፊት ግራው በውስጥ በኩል ተበልቷል። ጎማውን እንዲህ አድርጎ የሚነዳ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው አልኩ። በጨዋነት ሰላም ሲለኝ እንኳ ምን ፈልጎ ነው እል ነበር።

ሌላ ቀን ልጅቷ ዓይኗ ደም ለብሶ፣ እንባዋ ዝም ብሎ እየወረደ መጣች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት አባቷ።

«አሸዋ ገባብኝ፣ አባዬ።»

እሱ ወደ እኔ መጣና ጎማ ላይ ቁጭ አለ። «አሸዋ ትለኛለች። አልቅሳ ነው። ይሄ ሰው ገና ሳያገባት አስለቀሳት። ሥራውን በሌላ ሰው እጅ ያሠራል፣ ልጄን ያስለቅሳል፣ እኔ ፊት ሲቆም ደግሞ ጋሼ፣ ጋሼ! በቃ። ብረቱ ሲያልቅ ሰው ፊት አጋልጠዋለሁ። ልጄንም አያገኛትም።»

ቁርጥ ያለ ነገር ነበር። እኔም ልክ ነህ አልኩት።

ፖርቶመጋላው ያለቀ ጊዜ ሾፌሩ ቫኑን ብየዳ ቤቱ ፊት አቆመ። ብረቱ ጣሪያው ላይ በብሎን ታስሮ፣ ራቁቱን ፀሐይ ላይ ያበራል። አክስትየው የክት ልብሷን ለብሳ መጥታለች። እናትየው በሩን ተደግፋ ቆማለች። ልጅቷ ከመስታወቱ ጀርባ ነች። ግራኙም ማዶ ሆኖ ሥራ የያዘ መስሎ ያያል።

እስቲ ልየው ትልቁን የብረት መያዣ ሞርሳ አስጫነበት። የፌሮ ብረትም አስጫነበት። ከዚያ እሱ ራሱ በመሰላል ወጣና እንደ ሕፃን ዘለለበት። አክስትየው ዓይኗን ሸፈነች። ብረቱ ጭጭ አለ። ወረደና ላቡን ጠረገ።

«ማን በየደው?»

ሾፌሩ መሬት መሬት አየ። «ጋሼ፣ የለካሁትም የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። መጀመሪያ የበየድኩትም እኔ ነኝ፣ ያንን መጥፎውን።»

«ስለ መጥፎው ማን ጠየቀህ?» ማስኩንና የብየዳውን እጀታ ወረወረለት። «በል፣ እነዚህን ሁለት ቁርጥራጮች ፊቴ አያይዝልኝ።»

ሾፌሩ ማስኩን ሊያጠልቅ ሞከረ። አናቱ ላይ እንደ ልጅ ቆብ ተንጠለጠለ። በአንድ እጁ ፊቱ ላይ ይዞ በየደ። ሲያበቃ ዶሮዋ ተመልሳ መጥታ ነበር።

«ማን በየደው?» አለ እስቲ ልየው ደግሞ።

«አልናገርም፣ ጋሼ። የእኔ ብቻ ምስጢር ቢሆን እነግርዎ ነበር።»

«እንግዲያው መኪናህን አስነሳና ሂድ። እኔ በያጅ አልፈለግኩም። እጁን የማይደብቅ ሰው ነው የፈለግኩት።»

«ኧረ ተናገር አንተ ልጅ!» አለች አክስትየው። «ልታስቀርብን ነው እንዴ?»

ሾፌሩ ቀና ብሎ አየው። «ልጅዎን ቢከለክሉኝም አልናገርም» አለና ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

በዚህ ጊዜ ልጅቷ ወጣች። ዓይኗ እንደዚያው ቀልቷል። ከሾፌሩ አናት ላይ ማስኩን አንስታ ራሷ ላይ አጠለቀችው። ልክክ አለ።

እስቲ ልየው ተጠጋት። ማስኩን ከራሷ ላይ በቀስታ አነሳ፤ አገጯን ይዞ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዞረው።

«አሸዋ ነው ያልሽኝ?»

«እንደ አሸዋ ነው የሚቆረቁረኝ፣ አባዬ።»

ይህን አሸዋ ከእሱ በላይ ማን ያውቀዋል? የብየዳ ብርሃን ዓይኑን መትቶት፣ እርጥብ ጨርቅ ፊቱ ላይ ጥሎ፣ «አሸዋ ነው፣ አሸዋ ነው» እያለ ሚስቱን ያስቸገረ ሰው ነው። በእኔ ዓይን ወይም በግራኙ ዓይን ቢያየው ገና ከሩቅ ይለየው ነበር። በገዛ ልጁ ዓይን ሲያየው ግን እንባ ነው አለ። አባት ሆኖ ስላየ በያጅነቱ ጠፋበት።

«ማን አስተማረሽ?»

«አንተ።»

«እኔ? እኔ ከለከልኩሽ እንጂ!»

«እየከለከልከኝ ስትሠራ፣ በመስታወቱ እያየሁህ።»

«የሰው እጅ እንዳይገባበት አላልኩም?»

«እኔ የሰው ነኝ እንዴ፣ አባዬ?»

ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺም?»

«እኔን እኮ ያስቀመጥከኝ ሾፌሩን እንድጠብቅ ነው» አለች ሚስትየው ረጋ ብላ። «እሱ ምንም አላደረገም።»

«ሌባው ተያዘ?» ብሎ ጮኸ ግራኙ ከማዶ።

«አርፈህ ሥራህን ሥራ!» አለና እስቲ ልየው በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ጀርባውን ለልጅቷ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ። «እስቲ በይጂ።»

ሁሉም የተቆጣ መሰላቸው። እኔ ግን አውቄዋለሁ፤ በጆሮው ሊያይ ነው። ልጅቷ አጎነበሰች። ብየዳው ዘይት ውስጥ እንደሚጠበስ ነገር፣ ሳይቆራረጥ፣ ሳይጮህ ተንሸከሸከ። ወደ መጨረሻው ሲደርስ የሰውዬው ጣት ጉልበቱ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ በዚያችው ቅጽበት የልጅቷም እጅ ወደ ኋላ ተመለሰ።

«አሁን ማስኩን አታንሺ» አለ ሳይዞር። «ቆይ። ትቸኩያለሽ። አሸዋው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ... አሁን አንሺ።»

ተነሥቶ ሾፌሩ ፊት ቆመ።

«አንተ እንደ ዶሮ ነው የምትበይደው።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሁለተኛ እጀታ እንዳትነካ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«ምስጢር መያዝ ግን ትችላለህ። ይሄ ጥሩ ይሁን መጥፎ ገና አላወቅኩም። አይሃለሁ።» ወደ ቫኑ ጣሪያ ቀና ብሎ ቆየና «በሉ ቀቡት» አለ።

አክስትየው ተስፋ ቆርጣ እጇን አጨበጨበች። «ኧረ ቀለሙ ይቅርብን! ስለ ልጅቷ ምን አሉ?»

«እሱን ነው ያለው፣ እትዬ» አልኳት።

እነሆ እንዲህ ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ልጅቷና ሾፌሩ ፖርቶመጋላውን ቀይ ቀለም ቀብተው ሲጨርሱ እስቲ ልየው ከቤቱ መጣ። እውነት ለመናገር ያ ሰው ዛሬም ሾፌሩን አያምነውም፤ ቫኑ ባለፈ ቁጥር ቆሞ ያዳምጠዋል። ያን ጠዋትም ሰላም ሳይል በመሰላሉ ወጣና እጁን ከመካከለኛው ብረት ሥር ላከ፣ ሰው የማያየው ቦታ። ሲያወጣው አውራ ጣቱ ቀይ ነበር።

«አልደረቀም እኮ!» አልኩት ከቤቴ ሆኜ።

ጣቱን ወደ አፍንጫው እስኪደርስ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። አራቀው። እንደገና አስጠጋው። «እስቲ ልየው» ሲል እንሰማለን ብለን ሁላችንም ጠበቅን። እሱ ግን እጁን ወደ ታች፣ ወደ ልጁ ዘረጋ።

«እስቲ አንቺ እይልኝ» አላት።