ቡሄ ሲደርስ የምትወድቅ መርፌ

ገብረትንሣኤ አራዳ ገበያ ዳር፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል፣ አንዲት የስፌት መኪና ይዞ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ ነበር። ተረበኛ ነው በቃ፤ የተገረፈውን ግርፋት እንኳ ቀልድ አድርጎት አረፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት፣ ልብስ ሊሰፋ ከገባበት ከአንድ ትልቅ ሰው ቤት የብር ዋንጫ ጠፋና እሱን ይዘው ገረፉት። ለደንበኞቹ ሲያወራ፣ «ገራፊው ደከመው እንጂ እኔስ ትንፍሽ አላልኩም» ይላል። ውሸቱን ነው። ሕመሙ ሲብስበት፣ እንዲተዉት ብቻ ብሎ፣ «ወርቅአፈራሁ ነው የወሰደው» ብሏል። ወርቅአፈራሁ ማለት አብሮ አደጉ፣ ኮርቻ ሰፊው፣ ዋንጫውን በዓይኑ ያላየ ሰው። እሱንም ወስደው ገረፉት፤ እሱ ግን የማንንም ስም አልጠራም። ዋንጫው በሳምንቱ እዚያው ቤት፣ እህል ጎታ ውስጥ ተገኘ።

ሁለቱም ተፈቱ። ለብቻቸው ሆነው ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላነሱም። ገብረትንሣኤ ቀልዱን ሲያወራ ሰው ይስቃል፤ ወርቅአፈራሁም ካለ አብሮ ይስቃል። ከመደጋገሙ ብዛት የቀልዱ ባለቤት ራሱ ሊያምነው ምንም አልቀረውም። ገላው ግን አላመነለትም። ቡሄ ደርሶ የሰፈር ልጆች ጅራፍ ማጮህ ሲጀምሩ ላብ ያጠምቀውና ከመኪናው ጠረጴዛ ሥር ይገኛል። ሰው ካየው፣ «መርፌ ወድቃብኝ ነው» ይላል። ስንት ዓመት ሙሉ መርፌ ይወድቃል!

በአምስተኛው ዓመት፣ በቡሄ ዋዜማ፣ ወርቅአፈራሁ የተቀደደ እጀ ጠባብ ይዞ መጣ።

«ለነገ ትደርስልኛለች?»

ገብረትንሣኤ ዓይኑን እየሸሸ ሲቀበለው ደጁ ላይ ጅራፍ ጮኸ። ጠረጴዛው ሥር ገባ። ከሰው ሁሉ እሱ ፊት! መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ቀና ሲል ግን ወርቅአፈራሁም አጠገቡ ተንበርክኳል፤ እሱንም ላብ አጥምቆታል።

«መርፌ ወድቃብኝ ነው» አለ ገብረትንሣኤ እንደ ልማዱ።

ወርቅአፈራሁ በእጁ ወለሉን ይዳብስ ጀመር። ቁርጥራጭ ጨርቁን እያነሳ፣ ጥግ ጥጉን፣ ከምሩ ይፈልግለታል። ገብረትንሣኤ ያን እጅ ማየት አቃተው።

«ወርቄ፣ ተው። መርፌ የለም» አለ። «ያኔ ስምህን የጠራሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለው ወርቅአፈራሁ፣ መዳበሱን ሳይተው። «ገራፊው ያኑ ዕለት ነግሮኛል። ይኸው አምስት ዓመት፣ ስታወራ ከሰው እኩል የምስቅልህ ለምን መሰለህ?»