ቀዩ ቁልፍ ሞጣ ነበር

የሞተሩ ቁልፍ የጠፋብኝ ወንዝ ስሻገር ነው። ከቢቸና ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው አቅጣጫ ካለ አንድ ቀበሌ እየተመለስኩ ነበር። ሞተር ሳይክሉ የሚደርሰው ገደሉ አፋፍ ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ እንደ ወትሮው አንድ ገበሬ ግቢ አቁሜው በእግሬ ወርጄ ነበር። ስመለስ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀኝ። ሱሪዬን አውልቄ አናቴ ላይ ተሸክሜ ገባሁ። መሃል ላይ ስደርስ ጎርፉ ገፈተረኝና ጉልበቴ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ፤ ሱሪው ውሃው ላይ ወደቀ። የሱሪውን እግር ለቀም አድርጌ አስቀረሁት። ያስቀረሁት ግን ባዶ ኪሱን ነበር። ይህን ያወቅሁት ዳገቱን ጨርሼ ሞተሩ አጠገብ ከቆምኩ በኋላ ነው።

ተመልሼ ወረድኩ። የወንዙን ዳር በእጄ እየዳበስኩ፣ ጭቃውን እያገላበጥኩ ፈለግሁ። የሚገኝ ነገር እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ውሃው ትልልቅ ድንጋይ እያንከባለለ ነበር የሚሄደው። ግን ቆሜ ማየት አልቻልኩም።

እኔ የጅማ ልጅ ነኝ። ነርስ ሆኜ ስመረቅ ቢቸና ተመደብኩና እዚያው ቀረሁ። ሞተሩን ለጤና ጣቢያችን ያመጣው አንድ ፕሮጀክት ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሰዎቹ ሄዱ፣ ሞተሩ ቀረ። እኔ ስረከበው አንድ ጥቁር ቁልፍ ብቻ ነበረው። ሌላም ጥቁር ቁልፍ ነበረ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት ጠፋ ይባላል። እኔ በሞተሩ ክትባትም፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትም አመላልሳለሁ። ያን ቀን ግን የሄድኩት ለአንዲት ልጅ ስል ነበር።

ልጅቷ ገና አሥር ዓመት አልሞላትም፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ካልተወጋች የማትኖር የስኳር ታማሚ ናት። አባቷ ለሥራ ወደ መተማ እንደሄደ አልተመለሰም። እናቷ መርፌውን ራሷ መውጋት ተምራለች። ቤታቸው ማቀዝቀዣ ስለሌለ ጠርሙሷን ትንሽ ገንቦ ውስጥ ከትታ፣ ገንቦውን እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብራ ታስቀምጣለች። በዚያ ሰሞን አዲስ መድኃኒት ስላልመጣልን ያደረስኩላት ከአንድ ጠርሙስ የተረፈችውን ነበር።

“ይቺ ለጊዜው ትበቃችኋለች። የዛሬ ሳምንት ሙሉ ጠርሙስ ይዤ እመጣለሁ” አልኳት።

“አንቱ ቢቀሩብንስ፣ ዶክተር?”

“አልቀርም።”

ዶክተር እንዳልሆንኩ ብዙ ጊዜ ነግሬያታለሁ። አትሰማኝም።

በማግስቱ ሰው ለምኜ ሞተሩን እስከ ዋናው መንገድ ገፋነውና እህል የጫነ አይሱዙ ላይ አውጥተን ቢቸና አስገባሁት። መካኒኩ ከሩቅ ሲያየኝ ሳቀ። “ቁልፍ ነው እንዴ እንዲህ ፊትህን ያጠቆረው? አሁን እቀርጽልሃለሁ!” አለኝ። የቁልፉን ማስገቢያ ፈታ፣ ለካ፣ ሞረደ፣ ሞከረ፣ እንደገና ሞረደ። በመጨረሻ ቁልፉ ዞረ። ዳሽቦርዱ በራ። ሞተሩ ተነሳ። ደስታዬን ሳልጨርስ ደግሞ ጠፋ። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምስል ያለባት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትል ጀመር።

ደግመን ሞከርን። ተነሳ፤ ጠፋ። ካንዴላውን ፈትቶ ጠረገ። ባትሪ ቀየረ። “እንግዲያውስ ገመዱን በጥሼ ቀጥታ አገናኘዋለሁ” ብሎ ሽቦ መቁረጥ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ጭራሽ መብራቱም እምቢ አለ። የቆረጠውን አንድ በአንድ መልሶ ቀጠለ። የማይሳቅበት ነገር እንደሆነ የገባው ያኔ ነው።

ባሕር ዳር ላለ ጓደኛው ደወለና እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

“እሱ ኮድ ያለው ሞተር ነው” አለ ሰውየው። “በቁልፉ እጀታ ውስጥ ቺፕ አለች። የሞተሩ ኮምፒዩተር ቺፗን ካላነበበ አይነሳልህም። ብረቱን ብቻ መቅረጽ ዋጋ የለውም። ከፋብሪካ ሲወጣ ሁለት ጥቁርና አንድ ቀይ ቁልፍ አለው። ቀዩ እናት ቁልፍ ነው። ቀዩ ካለ ኮምፒዩተሩን ሌላ ቁልፍ ማስለመድ ይቻላል።”

“ከሌለስ?” አለ መካኒኩ።

“ከሌለ ኮምፒዩተሩ ይቀየራል።”

“የት ይገኛል?”

“እኛ ጋ የለም። አዲስ አበባም መኖሩን እንጃ።”

መካኒኩ ስልኩን ዘጋና ጎማ ላይ ተቀመጠ። “ሌባ እንዳይወስደው ነው እንዲህ የሠሩት” አለኝ። “አሁን አንተን ሌባ ብሎሃል።”

ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ነገርኩት። “ማመልከቻ ጻፍ፣ ለዞን እናሳውቃለን” አለኝ። ቀና ብሎ ፊቴን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ምን ላድርግ ብለህ ነው? አምቡላንሱም ነዳጅ አጥቶ ቆሟል።” እውነቱን ነበር።

አዲሱ ኢንሱሊን በዚያው ሳምንት ገባ። ማቀዝቀዣው ውስጥ ተደርድሮ ሳየው ባሰብኝ። የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋ ብደውል ጥሪ አይቀበልም። ገበያ ወጥቼ ከገደሉ አፋፍ የመጡ ሰዎች ብጠይቅ ወንዙ ማንንም አላሳለፈም አሉኝ። በቅሎ የሚያከራየኝ አጣሁ። በእግሬ ልሂድ ብዬ መድኃኒቱን በበረዶ ሳጥን አንግቤ ተነሳሁ፤ ከከተማው ሳልወጣ ጉልበቴ አብጦ አልታጠፍ አለኝ። መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰው እያየኝ ያልፋል። ይህን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል የምለው ነገር የለም፤ ያን ጊዜ የሚታየኝ የእናቲቱ እጅ ብቻ ነበር፣ አሸዋውን ቆፍራ ባዶ ጠርሙስ ስታወጣ።

ስለ ቀዩ ቁልፍ የነገረችኝ ፋርማሲ የምትሠራው ባልደረባዬ ናት። “ከአንተ በፊት የነበረው ነርስ ከቤቱ ቁልፍ ጋር አስሮ ይዞት ነበር። ሞጣ ሲዛወር ይዞት የሄደ ይመስለኛል” አለችኝ። “ስልኩን ስጪኝ” አልኳት። “የምን ስልክ?” አለችኝ። ሰውየው ዓምና ታሞ ሞቷል። ሚስቱ ግን እዚያው ሞጣ አስተማሪ ናት።

በማግስቱ በብዙ ልመና ሚኒባስ ላይ ቦታ አገኘሁ። ደብረ ወርቅን አልፈን ጉንደ ወይን ስንደርስ ዝናቡ መንገዱን ደፈነው፤ ወርደን ገፋን። ሹፌሩ ሻይ ልጠጣ ብሎ ሲቆም ልሰድበው ደርሼ ነበር። ሞጣ ስንገባ ሰዓቱ ወደ ማታው ተጠግቷል። ትምህርት ቤቱ ዝግ ቢሆንም ዘበኛው ቤቷን አሳየኝ።

በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። ጥቁር ለብሳለች። በዕድሜ ብዙም አትበልጠኝም፤ ግን አንቺ ማለት አፌ እምቢ አለ።

“ከቢቸና ጤና ጣቢያ ነው የመጣሁት” አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ። “ደግሞ ምን ቀረ? ታብሌቱን የመንግሥት ነው ብላችሁ ወሰዳችሁ። ጃኬቱን ወሰዳችሁ። ሲታመም ግን አንድም ሰው አልመጣም።”

“እኔ የወሰዱትን ሰዎች አላውቃቸውም፣ እህቴ። ቀይ የሞተር ቁልፍ ነበረ ብለውኝ ነው። እርስዎ ጋ ካለ…”

“የለም። ምንም የለም።”

በሩ ሊዘጋ ነው። ዝናቡ አናቴ ላይ ይወርዳል። ምን ብዬ እንደማስቆማት ጨነቀኝ። “ቆላ አንዲት ልጅ አለች፣ ስኳር ያለባት። መድኃኒቷ አልቋል። ሞተሩ ካልተነሳ አልደርስላትም” አልኩ፤ ጮኼ ነው መሰለኝ የተናገርኩት።

በሩ ቆመ።

“የፊኛዋ ልጅ?” አለችኝ።

አልገባኝም።

“እሱ ለመንደሩ ልጆች ከረሜላ ሲወስድ ለሷ ፊኛ ነበር የሚገዛላት፣ ከረሜላ ስለማትበላ። ከዚያ በመጣ ቁጥር የሚያወራኝ ስለሷ ነው።” በሩን ከፈት አድርጋ “እስካሁን አለች?” አለችኝ።

“ነበረች። አሁን አላውቅም” አልኳት።

አስገባችኝ። ከአልጋው ሥር ሳጥን ጎትታ መቆለፊያውን ከፈተች። “ከአርባው በኋላ አልከፈትኩትም” አለችኝ። ሸሚዞቹን አንድ በአንድ እያወጣች ጉልበቷ ላይ ደረደረች፤ አንዱን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ቆየች። እኔ ግድግዳውን አየሁ። የቁልፉ እስር ከታች፣ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ ተገኘ። ቀዩን ከቤቱ ቁልፍ ለመፍታት ጥፍሯ እስኪሰበር ታገለች፤ ልርዳዎት ብላት አልሰጠችኝም። ፈትታ ስትጨርስ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቼን ራሷ አጠፈቻቸው።

“ልጅቷ እንዴት እንደሆነች ደውልልኝ” አለችኝ። “ብትሞትም ደውልልኝ።”

ሞጣ አድሬ በጠዋቱ መኪና ተመለስኩ። መካኒኩ ጥርሱን ነክሶ ቀዩን ቁልፍ አስገባና አዞረው። መብራቷ አንዴ በርታ ጠፋች። ሞተሩ ተነሳ። ቆመን ጠበቅን፤ አልጠፋም።

“በቀዩ አይነዳም ነው የሚሉት። ሌላ ማስለመጃ ብቻ ነው” አለኝ።

“የሚለምድ ቺፕ ያለው ሌላ ቁልፍ አለህ?”

“የለኝም።”

“እንግዲያው ልቀቀኝ።”

እስከ አፋፉ ድረስ የዋልካው ጭቃ ሁለቴ ጣለኝ። ከዚያ በታች ያለውን ቁልቁለት በዱላ ተደግፌ ወረድኩ። ወንዙ ጎድሎ ነበር። እናቲቱ ስታየኝ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። “መጡ?” አለች፣ እንዲያው ለወጉ ያህል። የተውኩላትን መድኃኒት በግማሽ፣ ከዚያም በግማሹ ግማሽ እያደረገች አቆይታዋለች፤ በመጨረሻ አልቋል። ልጅቷ መደብ ላይ ተኝታ ሩጣ እንደመጣች ሁሉ በረጅሙ ትተነፍሳለች። ትንፋሿ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። ያ ሽታ ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት ራሱን ሲመርዝ የሚወጣ እንደሆነ አውቃለሁ። ከያዝኩት ኢንሱሊን ወጋኋት፤ ከዚህ በላይ የሚያስፈልጋት ግን ሆስፒታል ነው።

ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን አወጡልን። ሞተሩ ላይ ልጅቷን በመሃላችን አድርገን፣ እናቲቱ ከልጅቷ ኋላ ተቀምጣ፣ በጋቢ ሦስታችንንም አንድ ላይ አሰሩን። እናቲቱ በሕይወቷ ሞተር ላይ ወጥታ አታውቅም።

“ትተነፍሳለች?” እላለሁ እየነዳሁ።

“ትተነፍሳለች።”

ትንሽ ሄጄ ደግሞ እጠይቃለሁ። አንድ ቦታ ላይ ብጠይቅ መልስ አጣሁ። ቆምኩ። ሞተሩን ማጥፋት ግን ፈራሁ፤ መልሶ ባያውቀኝስ? እየተንተከተከ ይዤው ዞር ብል እናቲቱ ከንፈሯን በልጇ አናት ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። እጄን ወደ ኋላ ልኬ የልጅቷን ደረት ዳበስኩ። ይነሳል፤ ይወርዳል። “አለች! አለችኮ!” ብዬ ጮኽኩባት፤ በእናት ላይ መጮኼ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ሆስፒታል የደም ሥር ፈሳሽና ኢንሱሊን ተሰክቶላት ብዙ ሰነበተች። መጀመሪያ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች። ኋላ መርፌው አመመኝ ብላ ስታለቅስ ነርሶቹ ሳቁ፣ እኔ ወጣሁ። ሞጣ ደወልኩ። “ተርፋለች” አልኩ። መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ አልደወልኩም።

ባለ ቺፕ ቁልፍ ይገዛልን ብዬ የጻፍኩት ማመልከቻ እስካሁን መልስ የለውም፤ ሞተሩን የምነዳው በቀዩ ነው። እናቲቱ ወደ ቆላ አልተመለሰችም። ቢቸና ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ የቀን ሥራ ይዛ ሕንፃ ላይ ድንጋይ ትሸከማለች። መርፌው እስካለ ድረስ ከጤና ጣቢያው ትወስዳለች፤ በሚጠፋ ጊዜ ደግሞ ጠዋት መጥታ በራችን ላይ ትቀመጣለች። መሬቷን ማን እንደያዘው ብጠይቃት “ይያዙት” ትለኛለች። ትናንትም መጥታ ነበር። “ዶክተር፣ ዛሬስ ገባ?” አለችኝ። አልገባም ነበር።