አልጋዬ በግንቡ መሥመር ላይ

ቃሊቲ ያለው ግቢዬ ለወንድ ልጄና ለሴት ልጄ ሊካፈል ነው ተብሎ ግንበኛ መጣ። ቧንቧውም ሽንት ቤቱም በወንድ ልጄ በኩል ናቸው። «ለእሷ በኋላ እናስገባለን» ይላል ልጄ። ይህን «በኋላ» የሚሉትን ነገር አውቀዋለሁ፤ መጥቶ አያውቅም።

የሴት ልጄ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ትማራለች። በዚያው ጠዋት ለክፍሏ የምታቀርበውን ትምህርት በእኔ ላይ እየተለማመደች ነበር። ባክቴሪያ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ይረዝማል አለችኝ። ክሮሞዞሙን፣ ማለት የኑሮውን መመሪያ በሙሉ፣ ያባዛል። አንዱን ወደዚህ ጫፍ፣ ሌላውን ወደዚያ ጫፍ ይወስዳል። መሃሉ ላይ ግድግዳ የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው።

«ተቸኩሎ ቢዘጋስ?»

«አይዘጋም እማማ። ክሮሞዞሙ ገና መሃል ላይ ካለ፣ እላዩ ላይ የተጣበቀ ጠባቂ ፕሮቲን አለ። እዚህ ጋ ግድግዳ አይሠራም ይላል።»

«በአፉ?»

«አፍ የለውም።»

«አፍ የሌለው እንዲህ ካለ እኔማ!»

አልጋዬን ከእሷ ጋር ጎትተን አወጣንና ግንበኛው ገመድ በወጠረበት መሥመር ላይ አድርጌ ተጋደምኩበት።

«እናቴ፣ ይነሡልኝ እንጂ፣ ሲሚንቶው እኮ ሊደርቅ ነው» አለ ግንበኛው።

«ይድረቅ!»

ልጄ እየሮጠ መጣ። «እማዬ፣ ሰው ምን ይለናል? ተነሺ በይ!»

«ክሮሞዞም ነኝ። አልነሣም።»

ወደ እህቱ ልጅ ዞሮ «ምን አጠጣሻት?» አላት።

«በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ለልጆቹ አስተካክሎ ያካፍላል፤ አንተ ይህን የሚያህል ቁመት ይዘህ እህትህን ያለ ውሃ ልታጥር?» አልኩት።

«ባክቴሪያ ቧንቧ የለውም!»

«ያለውን አባዝቶ ሰጥቷል።»

ግንበኛው ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልወደደም። ከሁለቱም ጫፍ እየገነባ መጣና በራስጌዬና በግርጌዬ በኩል ቆመ። ግንቡ አልጋዬን የሚያህል አፍ ከፍቶ ቀረ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ ለዝናቡ ሸራ ወጠረልኝ። ጎረቤት ሁሉ «እንዴት አደሩ?» የሚለኝ በግንብ ቀዳዳ በኩል ሆነ። ልጄ በዚያ ማለፍ አፈረ። በመጨረሻ የቧንቧ ሠራተኛና ጉድጓድ ቆፋሪ ይዞ መጣ።

ውሃው በሴት ልጄ በኩል ሲፈስ በእጄ ነካሁት፤ አዲሱን ሽንት ቤትም መርቄ ገባሁ። ከዚያ አልጋዬን አነሣሁ። ግንበኛው ቀዳዳውን ሊደፍን ብሎኬት ሲያነሣ «በር ግጠምበት» አልኩት።

«እማማ፣ የባክቴሪያ ግድግዳ እኮ በር የለውም» አለች የልጅ ልጄ።

«እሱ አያት የለውማ።»