ኮኳ ቅጠሏን ያራገፈች ጊዜ

ሆሳዕና ከተማ ቤት ሠርተን በገባን በሁለተኛው ዓመት ባለቤቴ ከሞርሲቶ አንዲት የኮክ ችግኝ ይዞልኝ መጣ። ከጎረቤታችን በሚለየን አጥር ሥር ተከልኳት። ክረምቱ ተስማምቷት ትከሻዬ ድረስ አደገች። እኔ ያደግሁት በእንሰትና በባሕር ዛፍ መካከል ነው፤ ቅጠሉን ሁሉ አራግፎ ራቁቱን የሚቆም ተክል አላውቅም ነበር።

ከጥቅምት በኋላ ቅጠሏ ይረግፍ ጀመር። በታኅሣሥ ደረቅ እንጨት መሰለች። ጎረቤታችን ባላቸው የሞተባቸው፣ ከጃጁራ ቅቤ እያመጡ የሚሸጡ አሮጊት ናቸው። የልብስ እጣቢ አጥሩ ሥር ሲደፉ አይቻቸው ስለነበር ሌላ ምክንያት አልፈለግሁም። አንድ ጠዋት ከሁለት ሴት ደንበኞቻቸው ጋር በራቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

"እማማ፣ ኮኬን በሳሙና ውሃ ገደሉብኝ" አልኳቸው።

"አልሞተችም፣ ልጄ። ጊዜዋ ነው፤ ታገሺ" አሉኝ።

"ለጥፋትዎ ሰበብ አይፈልጉ" ብያቸው ወደ ቤቴ ገባሁ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎቼን እንኳ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጣቢውን እስከ መንገዱ ቦይ ድረስ ተሸክመው ይደፉ ጀመር። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሳፋውን ሁለት ቦታ እያሳረፉ ሲሄዱ በመስኮት አያቸው ነበር። ደስ ይለኝ እንደነበር ብደብቅ ውሸት ይሆናል።

ጥር ሲያልቅ ከትምህርት ቤት ስመለስ ኮኳ አብባለች። አንድ ቅጠል ሳይኖራት ከላይ እስከ ታች ሮዝ ሆናለች፤ ንቦች ወርረዋታል። ባለቤቴ እየሳቀ ሊያሳየኝ ጠራኝ። እኔ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሦስት ቀን በጎረቤቴ በር ላለማለፍ በጓሮ መንገድ ዞሬ ተመላለስኩ።

በአራተኛው ቀን ሄድኩ። ሳልቀመጥ "እማማ፣ በድዬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"አበባዋን አይቻለሁ" አሉ። "ይቅር ብዬሻለሁ። ብቻ ሰው ፊት ባይሆን ጥሩ ነበር።"

ወንበር ሳቡልኝ። ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ሁለቱን ሴቶች ፍለጋ ወጣሁ። አንደኛዋን ገበያ አግኝቻት ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ነገርኳት። ሁለተኛዋ ግን ዱራሜ ልጇ ዘንድ ሄዳለች፤ አድራሻዋን የሚያውቅ አላገኘሁም። እሷ እስከ ዛሬ ጎረቤቴን የሰው ተክል እንዳደረቁ አድርጋ ታስታውሳቸው ይሆናል።